እጁ የታመነ መካኒክ

ከጅቡቲ ጭኖ የሚነሳ ተሳቢ መኪና አዲስ አበባ እስኪገባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ፣ በጋላፊ ድንበሩን ተሻግሮ፣ የሚሌንና የአዋሽን ሐሩር ቆርጦ፣ አዳማንና ሞጆን አልፎ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያራግፋል። በዚህ መንገድ ላይ የሚበላሽ መኪና ብዙ ሰው ይጎዳል። ዕቃው ይዘገያል፤ ሹፌሩና ረዳቱ በረሃ ላይ ያድራሉ፤ ባለንብረቱ ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ የባንክ ዕዳውን ይቆጥራል።

ባለመኪና ሁሉ እንቅልፍ የሚያሳጣው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ሞተሬን ለማን ልስጥ? መልሱ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በማይገኝበት ቦታ ነው። አንዱ ዋጋ ያወዳድራል፣ አንዱ የአገሩን ልጅ ይመርጣል፣ ሌላው ግቢው ውስጥ የቆመውን መኪና ብዛት አይቶ ይወስናል። እኔ መካኒክን የምመዝነው ሲሠራ ቆሜ አይቼ ነው። የናፍጣ ሞተር ሥራ ለሚያስተውል ሰው ግልጽ ነው። ሰውየው ጠንቃቃ ይሁን ግዴለሽ፣ ሐቀኛ ይሁን አጭበርባሪ፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጠረጴዛው ላይ፣ የያዘው ጨርቅ ላይ፣ ብሎን የሚያስቀምጥበት ሣህን ላይ ይነበባል።

ቃሊቲ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የሚሠራ የናፍጣ ባለሙያ አለ። ስሙ እንዲነሳ አይወድምና አላነሳውም። ስልሳዎቹን ጀምሯል። ሙያውን የተማረው ፊያት ኤን ትሬ ሥር ተኝቶ ነው። ፊያት 682 እ.ኤ.አ. በ1952 መመረት ጀምሮ እስከ 1988 የዘለቀ መኪና ነው፤ ኤን ትሬ የምንለውም የዚያው ዘር ነው። የአገራችንን ዳገትና ቁልቁለት ለዘመናት የወጣና የወረደ፣ ከሹፌሮቹ እኩል መካኒኮችንም ያሳደገ መኪና ነው። ኮምፒውተር የለውም፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱም ጥቂት ነው። በእሱ ላይ የሠለጠነ ሰው ጆሮውን፣ አፍንጫውንና መዳፉን ከማሠልጠን ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ይህ ባለሙያ መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ብዙ ደንበኛ ያበሳጫል፤ አይነካውም። «ማታ አምጥተህ አቁምልኝ፤ ጠዋት የማስነሳው እኔ ነኝ» ይላል። ሹፌሩ ሞተሩን አሙቆ ከመጣ ሥራው ለነገ ይተላለፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሞቀ ሞተር ጉዱን ይደብቃል። ፋሻው ያለቀ ፒስተን፣ ባልቦላው በደንብ የማይገጥም ቴስታታ፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ ሁሉም የሚናዘዙት ሞተሩ ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። እሱም በእነዚያ ደቂቃዎች የሚቆመው ጋቢናው ውስጥ አይደለም፤ ጭስ ማውጫው ጋ ነው።

ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ በልጧል ማለት ነው። ወይ የአየር ፊልትሮው ታፍኗል፣ ወይ የቱርቦው ቱቦ ተሰንጥቋል፣ ወይ ኖዝሉ ከልክ በላይ ያፈሳል። ሰማያዊው ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ነጩ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነውና ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ሌላው ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃ ነው። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። እሱ መዳፉን ከጭሱ ፊት ለአፍታ ይይዝና ያሸተዋል። ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ይከፍትና ከውስጥ የሚወጣውን ትንፋሽ ያያል። በየጊዜው ቡፍ ቡፍ እያለ የሚገፋ ከሆነ ፒስተኖቹ ግፊታቸውን ወደ ታች እየለቀቁ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ እጁ ላይ አንድም መፍቻ የለም።

ስድስቱ ሲሊንደሮች እኩል መሥራታቸውን የሚያውቅበት መንገድ ደግሞ ከሁሉ የሚማርከኝ ነው። ሞተሩ ከተነሳ ጥቂት ቆይቶ በጭስ መሰብሰቢያው ቅርንጫፎች ላይ አንዳንድ ጠብታ ውሃ ጣል ጣል ያደርጋል። ጠብታው ቶሎ ያልደረቀበት ቅርንጫፍ ሲሊንደሩ እንደ ጓደኞቹ እየተቃጠለ አይደለም። ከዚያ የዚያን ሲሊንደር የናፍጣ ቱቦ ዳዶ በትንሹ ላላ ያደርጋል። የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ፣ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም ሥራ ፈት ነበር ማለት ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጥርጣሬ ወደ አንድ ይወርዳል። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ የሚባለው እዚህ ጋ በሥራ ይታያል።

አንድ ጠዋት አንድ ወጣት ሹፌር ሲኖትራክ ይዞ መጥቶ ነበር። መኪናው ካደረ አልነሳም ይላል። ሌላ ጋራዥ ወስዶት «ፖምፓው አልቋል፤ ይውረድ» ተብሏል፤ የተነገረው ዋጋም ፊቱን አጥቁሮታል። ባለሙያው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«ልጄ፣ የሚያስቸግርህ ሲያድር ነው ወይስ ሲሞቅም?»

«ሲያድር ብቻ ነው ጋሼ። አንዴ ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ባጠፋውም ወዲያው ይነሳል።»

«እንግዲያው ፖምፓህ ደህና ነው። ፖምፓ ሲያልቅ የሚያስቸግረው ናፍጣው ሞቆ ሲቀጥን ነው።»

የዚህ አረፍተ ነገር ዋጋ ለማያውቅ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ናፍጣ ደግሞ በአለቀ ፖምፓ ውስጥ ሾልኮ ይመለሳልና ግፊት አይፈጠርም። ቀዝቃዛው ወፈር ስለሚል ያለቀውንም ክፍተት ይሸፍናል። ስለዚህ ሲሞቅ የሚነሳና ሲያድር የማይነሳ ሞተር ችግሩ ከፖምፓው በፊት ነው፤ ሌሊት ሌሊት ናፍጣው ወደ ሳልቫታዮ እየተመለሰ በቦታው አየር እየገባ ነው። ይህን በግምት አልተወውም። ወደ ፖምፓው የሚገባውን ቱቦ ፈትቶ በምትኩ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ አሰረ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። በቢጫው ናፍጣ ውስጥ ደቃቅ አረፋ ተከታትሎ ያልፋል። ቱቦውን እያፈራረቀ ወደ ኋላ ሲከታተለው፣ አየሩ የሚገባው ፊልትሮው ላይ ባለች አንዲት የመዳብ ሮንዴላ ነበር።

ሮንዴላዋን ፈታት። ብዙ ጊዜ ከመጠበቋ የተነሳ ደድራለች። አዲስ ለመግዛት ልጅ ከመላክ ይልቅ በፒንሳ ይዞ እሳት ላይ ቀይ እስክትሆን አጋላትና ውሃ ውስጥ ጨመራት። መዳብ ሲደድር እንዲህ ነው የሚለሰልሰው፤ ብረት እንዲህ ቢደረግ በጠነከረ ነበር። ከዚያ መስታወት ላይ በተዘረጋ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሁለቱንም ፊቷን በክብ በክብ አሻት፤ ወደ ብርሃን አዙሮ አያት፤ ደገመ። አንድ ወጥ ሆና ስታበራ መለሳትና አሰራት። ሹፌሩ ስንት ልክፈል ሲል፣ «ለሮንዴላዋ ምንም፣ ለፈለግሁበት ጊዜ ክፈል» አለው፤ ዋጋውንም ነገረው። ትንሽ ገንዘብ አልነበረም፤ ግን ለፖምፓ ከተጠየቀው ጋር አይወዳደርም። ሹፌሩ ሳይከራከር ከፈለ።

ኖዝል የሚፈትሽበት ክፍል ከግቢው ሁሉ የተለየ ነው። በሩ ዝግ ነው፤ ወለሉ ጠዋት ጠዋት በውሃ ይረጫል፣ አቧራ እንዳይነሳ። ኮምፕሬሰሩ ውጭ ነው ያለው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሞርሳ፣ በክዳን የተሸፈኑ ሁለት የንጹሕ ናፍጣ ሣህኖች፣ ጌጅ ያለው የእጅ መሞከሪያ ፖምፓ። ፈትል የሚለቅ ጨርቅ ወደዚያ ክፍል አይገባም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለታይታ እንዳልሆነ የሚገባው ቁጥሩን ለሰማ ሰው ነው። በኖዝሉ አካልና በውስጡ ባለው መርፌ መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ነው፤ የአንድ ሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ እንደሆነ ካሰብን፣ ዓይን የማያየው አሸዋ እዚያ ቢገባ መርፌውን ለመቆለፍ በቂ ነው። መርፌውና አካሉ የተሞረዱት አንድ ላይ ስለሆነ የአንዱን መርፌ ለሌላው መስጠት አይቻልም። እሱም ስድስቱን ኖዝሎች ሲፈታ እያንዳንዱን ከነመርፌው በየራሱ ሣህን ያደርጋል፤ ሣህኖቹም ከ1 እስከ 6 ቁጥር አላቸው።

መርፌውን የሚፈትንበት መንገድ እንዲህ ነው። በንጹሕ ናፍጣ ያርሰዋል፤ ከአካሉ ሲሶ ያህል ስቦ ያወጣዋል፤ ኖዝሉን ቀጥ አድርጎ ይይዝና ይለቀዋል። ጤነኛ መርፌ ሳይቸኩል፣ ሳይቆምም፣ በገዛ ክብደቱ ብቻ ተንሸራትቶ ታች ይደርሳል። አሽከርክሮ ይደግመዋል፣ እንደገና አሽከርክሮ ይደግመዋል። በአንዱ አቅጣጫ እንኳ ለአፍታ ቀጥ ካለ ያ ኖዝል አይመለስም። መርፌውን የሚይዘው በጭራው ብቻ ነው፤ የተወለወለውን አካል በጣቱ ነክቶት አላየሁም፤ የእጅ ላብ ዝገት ይተክላል።

ከዚያ ወደ መሞከሪያው ይሄዳል። ኖዝሉን ያስርና ዘንጉን ቀስ እያደረገ ይጫናል፤ ጌጁ ይወጣል፤ ከመክፈቻው ግፊት 20 ባር ሲቀረው እጁን ያቆማል። እዚያ ላይ አሥር ሰኮንድ ይጠብቃል። የኖዝሉ ጫፍ ሊረጥብ ይችላል፤ ጠብታ ግን መውደቅ የለበትም። ጠብታ ያንጠባጠበ ኖዝል ፒስተኑ አናት ላይ ናፍጣ እያፈሰሰ ሞተር ያቃጥላል። ቀጥሎ በፍጥነት ይጫነዋል። ጥሩ ኖዝል ይንጣጣል፤ ግርር የሚል አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ርጭቱም ከየቀዳዳው እኩል ጉም ሆኖ ይወጣል። መጥፎው ዝም ብሎ ይተፋል። አንድ ቀዳዳው የተደፈነ ከሆነ ርጭቱ ሚዛን የለውም፤ አንድ ጎኑ ባዶ ይሆናል። አብሮት የሚሠራ ተለማማጅ ልጅ አንድ ቀን ይህን ሲያይ እጁን ወደ ርጭቱ አስጠጋ። ባለሙያው ዘንጉን ለቀቀና ድምፁን ከፍ አደረገ፦ «አቡሽ! ይህ ቆዳህን በስቶ ደምህ ውስጥ ነው የሚገባው፤ እጅህን ያስቆርጥሃል።» እውነቱን ነው፤ በዚህ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ሥጋ ይበሳል፣ ቁስሉ ትንሽ መስሎ አካል ያሳጣል። ባለሙያው ለልጁ ጣት የሚጨነቀውን ያህል ነው ለመርፌው የሚጨነቀው።

የመክፈቻ ግፊቱ ከተወሰነው ካነሰ ሞላው ሥር ስስ ስፔሶር ይጨምራል። የእነዚህ ስፔሶሮች ልዩነት በመቶኛ ሚሊሜትር ነው የሚቆጠረው። አንዱን ያወጣል፣ በማይክሮሜትር ይለካል፣ ይመልሳል፣ ሌላ ይመርጣል። ስድስቱ ኖዝሎች እኩል እስኪከፍቱ ድረስ አይነሳም። ሥራው ሲያልቅ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ይጠፋል፤ ጋቢናው ውስጥ የተቀመጠ የውሃ ጠርሙስ ላይ ማየት ይቻላል።

እዚህ ላይ የሁሉም ሹፌር ፈተና የሆነውን ጉዳይ ሳላነሳ አላልፍም፤ ፖምፓ ማስከፈት። ከባድ ጭነት የሚያበዛ ሹፌር «ዳገት ላይ ይደክማል፤ ፖምፓውን ትንሽ ክፈትልኝ» ይላል። ብዙ መካኒክ ይከፍታል፤ ገንዘቡ ቀላል ነው፣ ደንበኛውም ለሳምንት ደስ ይለዋል። የቃሊቲው ሰው ይህን አይሠራም። ምክንያቱን ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። አየር በቀነሰበት ቦታ ናፍጣ ቢጨመር ጉልበት ሳይሆን ጥቁር ጭስ ነው የሚገኘው። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱን በመጠኑ ይሞላል፤ ግን ያው ሞተር ወደ አፋር ሲወርድ ተጨማሪው ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ይቃጠልና ሙቀቱ ከፒስተኑ አቅም በላይ ይሆናል። ፒስተን የሚቀልጠው፣ ቴስታታ የሚሰነጠቀው፣ ቱርቦ የሚቃጠለው ያኔ ነው። ፖምፓው ላይ ያለው ማኅተም የተቀመጠው ለዚህ ነው። «ማኅተሙን የቆረጠ ሰው መንገድ ላይ ስትቆም አብሮህ አይቆምም» ይላል። ደንበኛ በዚህ ምክንያት ሄዶበታል፤ ከነዚህም ውስጥ ሞተራቸውን በተጎታች ይዘው የተመለሱ አሉ። ሲመለሱ አይወቅሳቸውም።

ሞተር ሙሉ በሙሉ ሲታደስ ማየት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። በብዙዎቹ ሲኖትራኮች ላይ ያለው ደብልዩዲ 615 ሞተር ስድስት ሲሊንደርና 9.7 ሊትር ገደማ ይዘት አለው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደርም የየራሱ ቴስታታ አለው። ይህ ለባለመኪናው በረከት ነው፤ አንዱ ቢበላሽ አንዱን ብቻ ማውረድ ይቻላል። በዚያው ልክ የመካኒክ ሐቀኝነት የሚለካበት ነጥብም ነው፤ አንድ ጋርኒሲዮን የተቃጠለበትን ሞተር ስድስቱንም ቴስታታ አውርዶ የሚያስከፍል ሞልቷል።

ኮሎው የሚሽከረከርባቸውን ስስ ግማሽ ክብ ብረቶች፣ ብሮንዝ የምንላቸውን፣ ሲፈታ ወደ ቆሻሻ አይጥላቸውም። ነጭ ጨርቅ ላይ በየተራቸው፣ የላይኛውን ከላይ የታችኛውን ከታች፣ ይደረድራቸዋል። ከዚያ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ያያቸዋል። ላያቸው ላይ በርዝመቱ የተጫሩ መስመሮች ካሉ ዘይቱ ቆሻሻ ነበር። ግራጫው ተልጦ መዳቡ ብቅ ካለ ዕድሜው አልቋል ወይም ዘይት አጥሮበታል። በአንድ ጥግ ብቻ የተበላ ከሆነ ግን ነገሩ የብሮንዙ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቢዬላው ጠሟል። ይህን ያላነበበ መካኒክ አዲስ ብሮንዝ ይገጥማል፤ አዲሱም በዚያው ጥግ ተበልቶ በጥቂት ወራት ይመለሳል። ባለንብረቱን ጠርቶ እዚያው ጨርቅ ላይ በጣቱ እያሳየ ያስረዳዋል። ጥፋቱ ዘይት ሳይቀየር የቆየበት ከሆነም ሳይሸፋፍን ይነግረዋል።

ሲገጥም የሚያደርጋት አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ እኔ ለመካኒክ ጥራት ከማያቸው ምልክቶች ትልቋ ናት። የቴስታታው ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በቀጭን ዘንግ ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ያደርቃል፤ ከዚያ በአየር ይነፋል፤ እንደገና ዘንጉን ያስገባና ጨርቁን ያያል። ቀዳዳው ታች ዝግ ነው። ውስጡ ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መውጫ ያጣና ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ካልሰነጠቀም ብሎኑ የጠበቀ መስሎ ላላ ይቀራል። ይህ ሥራ ከተከደነ በኋላ ማንም አያየውም። ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ባለንብረቱ አይጠይቀውም። ብሎኖቹንም አንዴ ጥርቅ አያደርጋቸውም፤ በቶርክ ቁልፍ፣ በታዘዘው ተራ፣ ከፊል ከፊል እያለ ደረጃ በደረጃ ነው የሚያጠብቃቸው።

የባልቦላው ክፍተት በዚሁ ሞተር ላይ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ለመግቢያው 0.30 ለመውጫው 0.40 ሚሊሜትር ነው። መለኪያው ስፔሶር ሲገባ ቀለል ያለ መያዝ ሊሰማው ይገባል፤ በነፃ ከተንሸራተተ ሰፊ ነው፣ ከተጎተተ ጠባብ። ዳዶውን ሲያጠብቅ ክፍተቱ በጥቂቱ ይለወጣልና ካጠበቀ በኋላ ሁልጊዜ ይደግመዋል። አሥራ ሁለቱንም ይደግማል።

አዲሶቹ ሞተሮች ሌላ ዓለም ናቸው። ኢቬኮ ትራከር ላይ ያለው ከርሰር 13 ፖምፓንና ኖዝልን በአንድ አካል አጣምሮ ለኮምፒውተር ያስገዛ ነው። ኮመን ሬል የሚባሉት ደግሞ ግፊታቸው እስከ 1,600 ባርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ የድሮውን ቱቦ የማላላት ዘዴ እነሱ ላይ የሚሞክር ሰው ሕይወቱን ይሰጣል። የቃሊቲው ሰው ይህን ያውቃል። እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣ ኮምፒውተሩን የሚያነብ አንድ ወጣት ይጠራል፤ አጠገቡ ቆሞ ይጠይቃል፤ ከዚያ ሁለቱ ይነጋገራሉ። ወጣቱ የስሕተት ቁጥር ሲነግረው ሽማግሌው ወደ ሽቦው ይሄዳል፤ ሶኬቱን ነቅሎ ዝገቱን ያያል። ሴንሰር ተበላሸ የሚል ቁጥር ስለወጣ ብቻ ሴንሰር የሚያስገዛ መካኒክ ከተማውን ሞልቶታል፤ ቁጥሩ ግን የሚያመለክተው ምልክቱ አለመድረሱን ነው፤ መንገዱ የት ጋ እንደተቆረጠ ማግኘት የሰው ሥራ ነው። «ይህን አላውቅም፣ እገሌ ጋ ውሰደው» ማለትም ይችላል። ይህችን ቃል ካልሰማሁበት መካኒክ ዘንድ መኪናዬን አላሳድርም።

ስለ መለዋወጫ ረጅም ማለት አያስፈልግም፤ ሶማሌ ተራ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ኦርጅናል የተባለ ሁሉ ኦርጅናል አይደለም። ጥሩ መካኒክ ዕቃውን ከካርቶኑ አውጥቶ ከአሮጌው ጎን ያስቀምጠዋል፤ ይመዝነዋል፣ ይለካዋል፣ ካልወደደውም ይመልሰዋል። አሮጌውንም ለባለንብረቱ በጆንያ አድርጎ ያስረክባል። ለሞተር የገባን መኪና የፍሬን ሸራውን ሳያይ የማያሰናብት ከሆነ ደግሞ ያ ሰው ለሥራው ብቻ ሳይሆን ለሰው ነፍስ የሚያስብ ነው፤ ዓባይ በረሃንና ጣርማ በርን ጭኖ የወረደ ሹፌር ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ባለመኪናዎች ሆይ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች በየከተማው አሉ፤ አዳማም፣ ኮምቦልቻም፣ ሎጊያም፣ ሐዋሳም። እየከሰሩ ያሉት ግን በእኛ ልማድ ነው። ለተቀየረ ዕቃ ሺዎች ሳንጠይቅ እየከፈልን፣ ችግሩን ለማግኘት ግማሽ ቀን ላጠፋ ሰው መክፈል ይከብደናል። ይህን ካልተውን ሐቀኛው መካኒክም አንድ ቀን ሮንዴላ ከማጋል ፖምፓ ማውረድ ይቀለኛል ይላል። መኪናችሁን ከማታው አስገቡ፤ ጠዋት ቀድማችሁ ተገኙ፤ ሲሠራ ቆማችሁ እዩ፤ አሮጌውን ዕቃ ጠይቁ፤ ለፍተሻው ብቻ የተጠየቃችሁትን ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉ።